«እመለሳለሁ» የሚለው ደብዳቤ

አሁን አሁን ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ቡና ለመጠጣት ቁጭ ያለ ሰው ከጎኑ ውጭ ለመሄድ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ወጣት አያጣም። እኔ የምሠራው ትርጉም ቤት ስለሆነ ፕሮሰሱን የማየው በወረቀቱ በኩል ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያላገባ ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ። ተርጉመን፣ ማህተም መትተን እናስረክባለን፤ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ። ሰሞኑን የሚበዙት በትምህርት ገብተው፣ ሠርተው፣ እዚያው ለመኖር ካናዳን ያሰቡ ናቸው። በዚህ ማንንም አልወቅስም። የሚያንገበግበኝ ቤተሰብ ያለ የሌለውን አሟጦ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ደረጃ ብቻ መሆኑና የቀሩትን ደረጃዎች የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ነው።

ዛሬ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ካርታውን በጋዜጣ፣ ጋዜጣውን በፌስታል ጠቅልለውታል። ሲዘረጉት እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል፤ ክቡ ማህተም ደብዝዞ ግማሹ አይነበብም። ልጅቷ በአካውንቲንግ ተመርቃ ባንክ ትሠራለች። አድሚሽኗን፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ የተቀበለበትን ደብዳቤ፣ ሳየው የአንድ ዓመት የሆቴል አስተዳደር ነው፣ ካናዳ ኮሌጅ ውስጥ።

«ሆቴል ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አላውቅም። ኤጀንሲው ነው የመረጠልኝ፤ ክፍያው ይቀላል፣ ቶሎ ያልቃል ብለው።»

ከተማሪ ፈቃድ ማመልከቻዋ ጋር የሚገባውና እንድተረጉምላት የሰጠችኝ ደብዳቤ «ትምህርቴን እንደጨረስኩ ወደ አገሬ ተመልሼ በሆቴሉ ዘርፍ አገሬን አገለግላለሁ» ይላል። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ስሙ ብቻ ተቀይሮ በሌሎች ልጆች ደብዳቤ ላይ አንብቤዋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። «ንብረት ስላለን ትመለሳለች» ተብሎ ማስረጃ የሚሆነው ቤት፣ ለትምህርት ክፍያው ሊሸጥ ቀብድ የተበላበት ራሱ ቤቱ ነው። ለካናዳ ኢሚግሬሽን የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ የተገኘ ሰው 5 ዓመት ይታገዳል። አባትየው ይህን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ስልኬን አውጥቼ የካናዳ መንግሥትን ገጽ ከፈትኩና አብረን አነበብን። ተማሪ ከተመረቀ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ነው። የአንድ ዓመት ትምህርት ለተማረ የሚሰጠው ፈቃድ ከትምህርቱ ርዝመት አያልፍም፤ ማስተርስ የጨረሰ ግን እስከ 3 ዓመት ያገኛል። ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለተማሪ ፈቃድ የሚያመለክት የኮሌጅ ተማሪ፣ ዲግሪ ካልሆነ በቀር፣ ይህን የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ትምህርቱ ከተዘረዘሩት መስኮች አንዱ መሆን አለበት፤ ጤና፣ የእጅ ሙያ፣ ትራንስፖርት፣ ግብርና፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና የመሳሰሉት። ሆቴል አስተዳደር እዚያ ውስጥ የለም። ልጅቷ ዝርዝሩን ደጋግማ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው። ዓመቱን ተምራ ስትጨርስ የሥራ ፈቃድ አታገኝም ማለት ነው፤ ካልሠራች ደግሞ ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) የሚያስጠይቀውን የአንድ ዓመት የሙያ ልምድ ከየት ታመጣለች? እየተማረች በሳምንት 24 ሰዓት መሥራት ትችላለች፤ ግን በሙሉ ጊዜ ተማሪነት የተሠራ ሥራ ለዚያ ልምድ አይቆጠርም።

«ታዲያ እቀራለሁ ብላ ትጻፍ?» አሉኝ አባትየው። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም አለ፤ አልፈረድኩባቸውም።

«አይደለም አባባ» አልኳቸው። የአገሩ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 22 ንዑስ 2 ላይ፣ አንድ ሰው ወደፊት በቋሚነት መኖር መፈለጉ ብቻውን ጊዜያዊ ፈቃድ እንደማያስከለክለው ተጽፏል። ባለሥልጣኑ ማመን ያለበት የተፈቀደላት ጊዜ ሲያበቃ እንደምትወጣ ነው። ስለዚህ «ሙያዬን አሳድጋለሁ፤ ሕጉ የሚፈቅድልኝ ከሆነ የሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ካልተፈቀደልኝ እወጣለሁ» ብላ መጻፍ ትችላለች። እውነት ነው፤ ማንም ፊት ቢነበብ አያሳፍራትም። ባንክ የምትሠራ አካውንታንት ድንገት ሆቴል ልማር ስትል ግን እኔም አላምናትም፤ ፋይሏን የሚያየው ሰው እንዴት ያምናል? «ቆይታሽ ሲያበቃ ስለመውጣትሽ አላመንኩም» የሚል ሪጀክት ይዘው የመጡ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ያለፈ ሕይወታቸውና የመረጡት ትምህርት አይተዋወቁም።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ብቻውን የሚሄድ ተማሪ የትምህርት ክፍያውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ሳይጨምር 22,895 የካናዳ ዶላር ማሳየት አለበት፤ በ2023 10,000 ነበር። የእኛ ብር ደግሞ ሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ የአሜሪካ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከእጥፍ አለፈ። ጡረታ የወጣ አባት ለልጁ ይህን ያህል ሲሸከም ቢያንስ መንገዱ የት እንደሚያደርስ ማወቅ አለበት እላለሁ። ኤጀንሲው አድሚሽን ካመጣ በኋላ ሥራው አልቋል፤ ኮሚሽኑንም ከኮሌጁ ወስዷል። የልጅቷ ኑሮ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የካርታው ትርጉም ይቆይ ተባባልን። አባትየው ዛሬ ማታ ገዢውን አነጋግረው ቀብዱን ለመመለስ ይሞክራሉ። ኤጀንሲው የተቀበለውን የሚመልስ አይመስለኝም፤ አልደበቅኳቸውም። ልጅቷ በሙያዋ ማስተርስ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችን ልትፈልግ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ አይኤልትስን፣ ደግማ መፈተን ሊኖርባት ይችላል፤ ምናልባት አንድ ዓመት ይዘገይባታል። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ ደብዳቤውን ከባዶ ወረቀት እንጀምረዋለን።