ቤዝ ይሰማዋል፣ እሱ ግን ቤዝን አይሰማም

በአንድ የመስክ ፕሮጀክት ላንድክሩዘር ላይ የተገጠመው የቪኤችኤፍ (በጣም ከፍተኛ ሞገድ) መገናኛ ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። የሾፌሩ አቤቱታ ስለ ቤዝ፣ ማለትም ስለ ዋናው የሬዲዮ ጣቢያ፣ ግን ያው ነበር፦ «ቤዝ እኔን ጥርት አድርጎ ይሰማኛል፤ እኔ ግን ከከተማ ወጣ ስል ምንም አልሰማም።»

ይህች አንዲት አቤቱታ ግማሹን ምርመራ ትጨርስ ነበር። መላኪያው ደህና ከሆነ የደነቆረው መቀበያው ነው፤ እሱን የሚያደነቁረው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው መኪናው ላይ ያለ ረብሻ ነው።

ቀድሞ ያየው ባለሙያ ዲናሞውን ጠርጥሮ በሬዲዮው የኃይል ሽቦ ላይ ፊልተር አስገባ። የዲናሞ ጩኸት ግን ነዳጅ ሲሰጠው ይቀጥናል፣ ሲለቁት ይወፍራል፤ እዚህ ሞተሩ ጠፍቶም ችግሩ አለ። የእሳት ካንዴላም እንዳይባል ሞተሩ ናፍጣ ነው። ሬዲዮው በራሱ እየተከፈተ ሲንጫጫበት ስኩዌልቹን (ደካማ ድምፅን የሚዘጋውን በር) እስከ ጥግ አጠበቀው። ጩኸቱ ዝም አለ፤ የሩቁ ደካማ ጥሪም አብሮ ተቆለፈበት።

ትክክለኛው ፍተሻ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስኩዌልቹ ላላ፤ መንጫጫቱ ተመለሰ። የአንቴናው ኬብል ከሬዲዮው ጀርባ ሲነቀል ጸጥ አለ። ስለዚህ ረብሻው የሚገባው በአንቴናው በኩል ነው፣ የኃይል ፊልተሩም ከንቱ ነበር። (ስኩዌልቹን ጨርሶ ከፍቶ «ሽሽሽ» በሚለው ድምፅ መፍረድ አይቻልም፤ የኤፍኤም መቀበያ ያለ አንቴናም «ሽሽሽ» ይላል።) ቀጥሎ መኪናው ቤዝ በጭንቅ በሚሰማበት ቦታ ቆሞ፣ ቤዝ ቁጥር እየቆጠረ፣ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። የዳሽ ካሜራው ቻርጀር ከሲጋራ ማቀጣጠያው ሲወጣ የቤዝ ድምፅ ብቅ አለ።

ቻርጀሩ 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው፤ የዚህ ፍጥነት ብዜቶች (ሁለት፣ ሦስት እጥፍ እያሉ የሚወጡ ሞገዶች) እስከ ቪኤችኤፍ ይደርሳሉ። ገመዱ ደግሞ በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ ከአንቴናው ኬብል ጋር በአንድ ማሰሪያ ታስሮ ተገኘ። የባሰው የአንቴናው መያዣ ነው፦ ፖርቶመጋላው ላይ በቀለም ላይ ተቀምጧል። የጣሪያው ብረት የአንቴናው ሌላኛው ግማሽ ነው፤ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር ያለውን ግንኙነት) ሲያጣ የኬብሉ ሽፋን ራሱ አንቴና ሆኖ የውስጡን ረብሻ ሁሉ ይለቅማል። እንዲህም ሆኖ ይልካል፤ ያሳሳተውም ይኸው ነው።

መያዣው ወደ ጣሪያው ተዛውሮ ቀለሙ እስከ ብረቱ ተፋቀ፣ ዝገት እንዳይበላውም ግሪስ ተቀባ። የካሜራው ገመድ በሌላኛው ወገን ዞረ። በቻርጀሩና በካሜራው ጫፍ ገመዱ ላይ የሚቆለፉ ፌራይቶች (ረብሻ የሚውጡ ቀለበቶች) ተገጠሙ፣ ገመዱ በእያንዳንዱ አንዴ ብቻ እያለፈ፤ በዝቅተኛ ሞገድ ደጋግሞ መጠምጠም ይጠቅማል፣ እዚህ ግን ረብሻው ከጥምጥም ወደ ጥምጥም ዘሎ ያመልጣል። ይህ ሁሉ ብዙ ቀነሰው። ጨርሶ የጠፋው ግን ርካሹ ቻርጀር በተሻለ ሲተካ ነው።

ከመኪናው የወረዱት ሁለቱ ሬዲዮዎች ጠረጴዛ ላይ ሲፈተሹ አንዳቸውም ችግር አልነበረባቸውም።