የማርቆስ ዓመት

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ!

ይቺን ሰላምታ ከትናንት ጀምሮ በሬዲዮውም በባንኩ መልእክትም ሰምታችሁ ሰልችቷችሁ ይሆናል። እኔን ግን ሁሌ ደስ ታሰኘኛለች። ዓመቶቻችን የሚጠሩት በጸሐፊዎች ስም ነዋ! በንጉሥ አይደለም፣ በጦር አበጋዝም አይደለም። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተፈራረቁ ዓመት ይይዛሉ። ሉቃስ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። ጽሑፍ አስረክብ ተብሎ ቀን ላለቀበት ሰው ከዚህ የበለጠ ምርቃት የት ይገኛል?

የዘንድሮው ባለተራ ማርቆስ ነው። ከአራቱ ወንጌሎች አጭሩ የእሱ ነው፤ 16 ምዕራፍ ብቻ። ማቴዎስ 28 አለው፣ የሚጀምረውም ከትውልድ ሐረግ ነው። ማርቆስ ጋ ልደት የለ፣ ሰብአ ሰገል የለ፤ በቀጥታ መጥምቁ ዮሐንስ ጋ ይገባል። (ዛሬ የምናስበውም እሱኑ ነው። እናቶቻችን በዓሉን "ቅዱስ ዮሐንስ" የሚሉት ወደው አይደለም።) እኔ ስጽፍ መጀመሪያ የሚመጣልኝ አንቀጽ መንደርደሪያ ነው። ጉዳዩ የሚጀምረው ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ላዩን ቆርጬ እጥለዋለሁ። እስካሁን የት ገባ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ መጻፍ አለማሰብ ይከብዳል። ጣና ላይ ያሉት ገዳማት፣ እነ ክብራን ገብርኤል፣ እነ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የብራና ቤት ናቸው። አንድ ብራና ለመጻፍ እስኪደርስ የሚያየው አበሳ ብዙ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋው ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይፋቃል። ሲደርቅ በወስፌ መስመር ይሰመርበታል። ቁም ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ ከጥላሸት የተበጠበጠ ቀለም ውስጥ የሚነክረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቅዱሳን ስም ሲደርስ ቀዩን ያነሣል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የጸሎት መጽሐፍ ከሌላ መጽሐፍ የሚገለበጥ ነው። ሆኖም መሀል ላይ "ለገብርከ" (ለአገልጋይህ) ይልና ያስጻፊው የክርስትና ስም ይገባበታል። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ ደግሞ ያ ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፋል። እንዲህ ያለውን ገጽ በጣት ቢዳስሱት የተፋቀችው ቦታ ሻከር ብላ ትታወቃለች። ያ ሁሉ ገጽ የሁሉም ሰው ነው፤ ያቺ ቦታ ግን የአንድ ሰው።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ የሚያብረቀርቅ አደይ አበባ ደረሰኝ። "ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ" ይላል። ላኪው አብሮ አደጌ ነው። በሕይወቱ አንቱ ብሎኝ አያውቅም! ለስንት ሰው እንደላከው እሱ ይወቅ፤ ለእኔ እንዳልጻፈው ግን አውቄያለሁ። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር በቅኔ ቤት አያልፍም። ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከዚያ ለመምህሩ ያቀርባል፣ መምህሩ ይነቅፋሉ፣ ያቃናሉ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ለዓምናው ዮሐንስ የተዘረፈውን ለዘንድሮ ይዞ መምጣት ነውር ነው። በእኛ ቋንቋ፣ ፎርዋርድ ማድረግ ክልክል ነው።

እኔም ስጽፍ አንድ ሰው ፊቴ አስቀምጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዘጌ ያለችው አክስቴ ናት። የቡና ሰው ናት፤ ወሬ ሲንዛዛባት "እና?" ትላለች። እንደተቆጣች አይደለም፣ የምር መጨረሻውን ፈልጋ ነው። ለዚህ መልእክት መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ይል ነበር፦ "የክረምቱ ጭጋግ ተገፎ ፀሐይ በወርቃማ ጨረሯ ጣናን ስታለብስ፣ አዲስ ተስፋ በልባችን ሲፈነጥቅ..." እና? ሰረዝኩት። የቀረው ይሄ ነው፦ ዝናቡ እያባራ ነው፤ ሐይቁ ግን ገና ድፍርስ ነው። ይሄኛውን አክስቴ በመስኮት አይታ "አዎ" ትለኛለች። ወርቃማ ጨረሩን ግን የት አየኸው ባለችኝ ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ ልብ ወለድ ጀምረሽ ከዋና ገጸ ባሕሪሽ ጋር የተኳረፍሽው ጓደኛዬ፣ እንኳን አደረሰሽ፤ ታረቂው ወይም ግደይው። ግጥም ለጥፎ ሌሊቱን ላይክ ሲቆጥር ለሚያድረው ወንድሜ፣ የዘንድሮ እንቅልፍህ ሙሉ ይሁን። ሳልጽፍ ስከርም "ታመምክ እንዴ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ከቤቱ ርቆ በዓሉን ለሚያሳልፈው ሁሉ ፈጣሪ መንገዱን ይክፈትለት፣ ለአገራችንም ሰላሙን ያምጣልን።

አንቺም እታለም፣ እንኳን አደረሰሽ። መንገዱ ሲመች በጀልባ እመጣለሁ፣ ቡናውን አቆዪልኝ። እስከዚያው ይቺን ልጅሽ ታንብብልሽና የቱ ጋ "እና?" እንዳልሽ ትንገረኝ።