ለሙዚቃ ሶፍትዌር በየጊዜው መክፈል ለምን አቆምኩ

ለ6 ዓመት አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ከፍያለሁ። ቅናሽ አለ የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ እከፍላለሁ፣ እጭናለሁ፣ አለቀ። አንድ አልበም ሚክስ አድርጌ ልጨርስ 3 ዘፈን ሲቀረኝ ግን ጉድ ፈላ።

አዲሱን ቨርዥን ጫንኩና የጀመርኩትን ፕሮጀክት ከፈትኩት። ሳጫውተው የዘፋኟ ድምፅ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ሪቨርቡ (ድምፁ እንዲያስተጋባ የሚያደርገው ኢፌክት) የነበረበት ቦታ ላይ ስሙ ብቻ ደብዝዞ ቀርቷል። ለካ ፕለጊኑ፣ ማለትም ሪቨርቡን የሚሠራው ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ቪኤስቲ2 የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው፣ አዲሱ ቨርዥን ደግሞ ተከታዩን ቪኤስቲ3 ብቻ ነው የሚቀበለው። ወደ አሮጌው ልመለስ ብል እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም ፋይሉን በአዲሱ ሴቭ አድርጌዋለሁ፣ በአዲሱ ሴቭ የተደረገ ደግሞ በአሮጌው አይከፈትም። ኮፒ አላስቀመጥኩም። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለፕለጊኑ ድርጅት ጻፍኩላቸው። ከ4 ቀን በኋላ የመጣው መልስ «አዲሱን እትም ከፍለው ማግኘት ይችላሉ» የሚል ነበር። ሙሉ ዋጋ ከፍዬ የገዛሁትን ዕቃ! 3 ሌሊት ከድሮው ኤምፒ3 ጋር እያስተያየሁ ሪቨርቡን መልሼ ለመሥራት ታገልኩ። ቃሉ ካለቀ በኋላ ድምፁ ቀስ እያለ የሚሟሟበትን ነገር ግን ላገኘው አልቻልኩም። ዘፈኑ እንደዚያው ወጣ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስደርስ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«ሁሌም አፕዴት ያድርጉ» ይላሉ። እኔ ሥራ መሃል ላይ በፍጹም አትንኩት እላለሁ። ደግሞ ቁጭ ብዬ ስቆጥር፣ በ6 ዓመት ክፍያ ካገኘሁት አዲስ ነገር በየቀኑ የምጠቀመው 2ቱን ብቻ ነው።

ሁሉም አንድ አይደለም። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ ሶፍትዌር አንዴ የገዛ ሰው ቀጣዮቹን ቨርዥኖች በነፃ ያገኛል። ሪፐር የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ደግሞ የቨርዥን 7 ላይሰንሱ እስከ ቨርዥን 8.99 ድረስ ያገለግላል። በየወሩ የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ከመጀመራችሁ በፊት ግን ክፍያ ያቆምኩ ቀን የድሮ ፕሮጀክቶቼን መክፈት እችላለሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይዘጉባችኋል።

አሁን የምሠራው በ2 ቨርዥን ወደኋላ በቀረ ሶፍትዌር ነው። ከዚያ አልበም ወዲህ የከፈልኩት አንዴ ብቻ ነው፣ ኮምፒውተር ቀይሬ አሮጌው አልነሳ ሲለኝ። ያኔም መጀመሪያ እያንዳንዱን ትራክ ከነኢፌክቱ ዌቭ (ተራ የድምፅ ፋይል) አድርጌ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ።