ሮኬቱ የት አለ?

ለአሜሪካዊቷ የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊ ለኦክታቪያ በትለር መታሰቢያ የሚሆን አጭር አኒሜሽን ስንሠራ፣ አዘጋጁ ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም የፊልሙን ትዕይንቶች በተራ የሳልኩበትን ንድፍ፣ ከዳር እስከ ዳር አይቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ሮኬቱ የት አለ?»

በእርግጥ ደንበኛው የከፈለው ለሳይንስ ልቦለድ ነው። በትለርም እ.ኤ.አ. በ1995 ለላቀ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጠውን የማካርተር ሽልማት ስታገኝ ከዘርፉ ጸሐፊዎች የመጀመሪያዋ ነበረች። እኔ ግን ፊልሙን የከፈትኩት በቺፕስ ፋብሪካ ነው። እናቷ በሰው ቤት ሠራተኝነት ያሳደጓት ይህች የፓሳዲና ልጅ፣ መጻሕፍቷ እንጀራ እስኪሆኗት ድረስ ዕቃ አጥባለች፣ በስልክ ሸቀጥ ሸጣለች፣ የድንች ቺፕስ ተቆጣጣሪም ሆና ሠርታለች፤ ለመጻፍ የምትነሣውም ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ነበር። ይህን ትቶ በሮኬት መጀመር ለእኔ ስንፍና ነው።

ትዕይንቱን በእጄ ሳልኩት፣ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆየሁ። ለእንቅስቃሴው ማጣቀሻ እንዲሆነኝ አክስቴን ምስር ስትለቅም በስልኬ ቀርጬ ነበር፤ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም ስመረምረው የለመደ እጅ ጠጠር እንደማያሳድድ አየሁ። ሰፌዱ ላይ አንዣብቦ ይቆያል፤ ጣቶቹ ጠጠሩን ለማንሣት ሲወርዱ ዐይን ወደሚቀጥለው አልፏል። የበትለርንም እጅ በዚያው ልክ ሠራሁት፤ ያረረውን ቺፕስ እየለቀመ ወደ ጎን ይጥላል፣ ዐይኗ ግን ከማጓጓዣው ቀበቶ ተነሥቶ ባዶ ግድግዳ ላይ ተተክሏል።

አዘጋጁ አኒማቲኩን፣ ማለትም የፊልሙን ተንቀሳቃሽ ረቂቅ፣ አይቶ «እጁ የሰለቸው ይመስላል» አለ።

«ሰልችቶታል እንጂ!» አልኩት። ከአፌ የወጣው ድምፅ ካሰብኩት በላይ የኩራት ነበር።

«ተመልካቹም ይሰለቻል። ጠፈር የሌለበት የሳይንስ ልቦለድ መታሰቢያ ምን ይባላል?»

ጠፈርስ ነበረ፤ ፊልሙ የሚዘጋው በማርስ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በጄዜሮ ጉድጓድ ውስጥ ያረፈችበትን ሥፍራ፣ በትለር በሞተች በ15 ዓመቱ፣ በእሷ ስም ሰይሞታል። ተሽከርካሪዋን በገመድ አንጠልጥሎ ያወረዳት መሣሪያ ደግሞ በሮኬት ሞተሮች የሚሠራ ስለሆነ፣ ሮኬት ካስፈለገ እውነተኛው ይኸውልህ ብዬ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና «ይህ ክሬን ነው» አለ። አሁን ሳስበው አልተሳሳተም፤ መሐንዲሶቹም የሰማይ ክሬን ነው የሚሉት። በዚያች ሰዓት ግን ላፕቶፑን ከድኜ ለመውጣት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ፋብሪካው የፊልሙ መክፈቻ ሆኖ የጸናው እኔ አሳምኜው ሳይሆን፣ የማርሱን አቧራ በኮምፒውተር ዳግመኛ ሬንደር ለማድረግ ጊዜም ገንዘብም ስላልነበረ ነው። በምርቃቱ ዕለት አዳራሹ የሳቀው ቺፕሱ ላይ ነበር፤ ስለ እጁ ጥያቄ ሲነሣም አዘጋጁ ማይክሮፎኑን ተቀብሎ «ገና ከጅምሩ የቆምንለት ትዕይንት ነው» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ክርኑን ጎኔ ላይ አሳረፈ፤ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ፣ አለቃ የሚሰርዘው ነገር እንዳያጣ፣ በእያንዳንዱ ስቶሪቦርድ ላይ አንድ ትርፍ ሮኬት መሳል ልማዴ ሆኗል። ዘዴው ደህና ሠርቶልኝ ነበር፤ በቅርቡ ግን አንዲት ደንበኛ ሮኬቱን እጅግ ወደዱትና ለእሱ ቦታ እንዲለቅ ሌላውን ግማሽ አስወጡብኝ።