የጥንቶቹ ፋንተሞች እትም እንዴት ቢሰናዳ ያምራል

ከስዊድኑ የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት ከፋንቶመን ልዩ እትሞች ሁሉ ልቤ የሚያደላው ለጥንቶቹ ፋንተሞች፣ ማለትም ከዛሬው ጭምብል ለባሽ ጀግና ከፋንተም በፊት ለነበሩት አባቶቹ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ደራሲ ሊ ፎክ ፋንተምን በ1936 በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ጀመረው፤ መጽሔቱ በስዊድን ከ1950 ጀምሮ ይወጣል። በ1960ዎቹ ስዊድኖቹ የራሳቸውን ታሪክ ማሠራት ሲጀምሩ የትውልድ ሐረጉን እንደ ወርቅ ጉድጓድ ቆፈሩት፤ ደግ አደረጉ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1536 ነው። የባሕር ወንበዴዎች የወጣቱን ክሪስቶፈር ዎከርን አባት ገደሉ፤ ማዕበል ወደ ዳርቻ የተፋው ልጅም የባሕር ውንብድናን ሊዋጋ በገዳዩ የራስ ቅል ላይ ማለ። ከዚያ ወዲህ ልብሱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የዛሬው 21ኛው ነው። እስከ 1936 ያለውን 400 ዓመት ለ20 አባቶች ብናካፍል ለእያንዳንዱ 20 ዓመት ይደርሰዋል። እንግዲህ በ1700 የሚካሄድ ታሪክ ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው አካባቢ ይወድቃል። አዘጋጁ ይህን ሳያሰላ አንዱን ፋንተም 60 ዓመት በሚራራቁ ሁለት ታሪኮች ውስጥ ካስገባው ሐረጉ ይበጠሳል፤ አንባቢም ወዲያው ያውቅበታል።

መጽሔቱ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ ገጹ የሚጨምረው በአራት በአራት ነው። 64 ገጽ ቢኖር ባለ 30 ገጽ ሁለት ታሪኮች ይይዝና አራት ገጽ ይተርፋል። እኔ ብሆን አራቱን ለትውልድ ሰንጠረዥ እሰጣለሁ። አምስት አጫጭር ታሪክ ማጨቅ አይበጅም፤ አንዱም ሳይበስል ያልቃል።

ድካሙ የሚበዛው የድሮ የጋዜጣ ሥዕሎች ሲገቡ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚወጣው ሦስት ወይም አራት ሣጥን (በመስመር የታጠረ አንድ አንድ ሥዕል) ነበር፤ የመጀመሪያው ሣጥን ብዙ ጊዜ የትናንቱን ያስታውሳል። ለጋዜጣ አንባቢ ይህ ግድ ነው። በመጽሔት ገጽ ላይ ግን በየመስመሩ ያው ነገር ይደጋገማልና ያ ሣጥን ይቆረጣል። ክፍተቱን ለመሙላት ጎረቤቱን ሥዕል ማተለቅ ቀላል ይመስላል፤ ግን መስመሩ ይወፍርና ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። የሥዕሉን ዳራ በእጅ መቀጠል ይሻላል።

ሥዕል እንደ መስታወት መገልበጥም አደጋ አለው። ወንጀለኛ አገጭ ላይ ምልክት የሚተወው የራስ ቅል ቀለበት በቀኝ እጅ፣ ፋንተም ለሚጠብቀው ሰው የሚሰጠው መልካሙ ምልክት በግራ እጅ ነው። ሥዕሉ ከተገለበጠ ሁለቱ ቦታ ይቀያየራሉ፤ በግራ ቡጢ የራስ ቅል ሲታተም ማየት ያንገበግባል። ማረሚያው ቀላል ነው፤ ከኅትመት በፊት እያንዳንዱን ቡጢ መመርመር።

ቀለሙም አለ። የስዊድኑ ፋንተም ሰማያዊ ይለብሳል፤ በአሜሪካ ጋዜጦች ባለቀለም የእሑድ ገጽ ላይ ግን ሐምራዊ ነው። የእሑድ ገጽ እንዳለ ከገባ በአንድ እትም ሁለት ዓይነት ልብስ ይታያል፤ በጥንቶቹ እትም ደግሞ አንባቢ ሌላ ትውልድ መጣ ብሎ ይሳሳታል። ቀለሙን እንደገና መቀባት፣ ጊዜ ካጠረ ደግሞ ያን ታሪክ በጥቁርና ነጭ ማተም ነው።