ማርሚታውን በይጄው ልገላገል ለምትሉ

የኔዋ ኮሮላ ዕድሜ ጠገብ ናት። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጠዋት ትወርዳለች፣ ማታ ትወጣለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይህን ያህል መውጣት ለሞተር ቀላል አይደለም። ዳገቱን ስትጨርስ ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ እሳት ሆኖ ይደርሳል። ከዚያ የደሴ ዝናብና ብርድ ይቀበለዋል። ከሥር ያሉት ብሎኖች በዝገት ቢበሉ ምን ይገርማል?

ጠዋት ስትነሳ ከፊት በኩል ጠ-ጠ-ጠ ማለት ጀመረች። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይቀንሳል። ቫልቭ ነው ያለኝ አልጠፋም። እኔ ግን ማርሚታውን ነው የጠረጠርኩት፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠባላ። መለየቱ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ አስነስታችሁ አንድ ሰው ወፍራም እርጥብ ጨርቅ የኋላው ቱቦ አፍ ላይ ለአፍታ ይያዝ። መውጫ ያጣው ጭስ በሽንቁሩ ሲገፋ ድምፁ ይጎላል።

የኔው የሚያፈሰው ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ብረት) እና የፊተኛው ቱቦ በብሎን የሚገናኙበት መጋጠሚያ፣ ፍላንጁ ላይ ነበር። ዙሪያው እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል። ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ ተሰብሮ ጉማጁ ብቻ ቀርቷል። የሌላው ዳዶ በዝገት ተበልቶ ክብ ሆኗል፤ ቁልፍ የሚይዘው ጠርዝ የለውም።

ጩኸቱን ችዬ መንዳት እችል ነበር። ያስፈራኝ ጭሱ ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መስኮት ተዘግቶ ነው የሚነዳው፤ አንዳንዴ ልጆቼም ከኋላ አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ ድካም ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። በዚያ ላይ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር ከሚያፈሰው ቦታ አልፎ ከሆነ ከውጭ የሚገባው አየር ያታልለዋል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያነሰ መስሎት ይጨምራል። በዚህ የነዳጅ ዋጋ!

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ያየው ወጣት መልሱ ዝግጁ ነበር። «አብሽሪ እህቴ፣ ዙሪያውን በይደነው ትገላገያለሽ።»

እኔ ደግሞ አልፈልግም አልኩ። ማኒፎልዱ ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት ነው። በተለመደው የብየዳ ዘንግ ተበይዶ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ሞተሩም ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ይወዛወዛል። ብዙ መኪኖች እዚያ መጋጠሚያ ላይ ስፕሪንግ ያለው ብሎን የሚኖራቸው ቱቦው አብሮ እንዲላወስ ነው። ብየዳ ያንን ይዘጋና ቱቦው ሌላ ቦታ ይሰበራል። ነገ ፍሪሲዮን ለመቀየር ቱቦው ይውረድ ቢባልስ? በመጋዝ ሊቆረጥ ነው።

ሁለተኛው ሜካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ዘይት ጠጥቶ ይደር» አሉ። ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ረጭተውበት ሄድን።

በማግስቱ ረዳታቸው በግራ የሚዞረውን የብሎን ማውጫ ይዞ ሲመጣ ከለከሉት። ልክ ናቸው። ያ ነገር በጣም ጠንካራ ብረት ነው፤ ግን ይሰበራል። ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ ተራ የትራፓኖ መብሻ አይነካውም።

እሳቸው ያደረጉት ይሄን ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ፈቱ፤ ኤሌክትሪክ ብየዳ ኮምፒውተሩን እንዳያበላሽ። ከዚያ አንድ ዳዶ ጉማጁ ላይ አስቀምጠው መሃሉን በብየዳ ሞሉት። ብየዳ ማለት እንዲህ ነው! ዳዶው ቁልፍ መያዣ ይሆናል፣ ሙቀቱ ደግሞ ዝገቱን ያላቅቃል። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቁ። ቁልፍ አስገብተው ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። ጢጥ አለ። ቀይ የዝገት ዱቄት እያራገፈ ወጣ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ እሳቸው ሲጋራቸውን ለኮሱ።

ያ ዳዶው የተበላው ሁለተኛው ብሎን ግን እምቢ አለ፤ ሲፈታ ተሰበረ። ከፍላንጁ በታች ጠልቆ ስለተሰበረ ዳዶ የሚበየድበት አልነበረውም። ማኒፎልዱ ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ። ሞርሳ ላይ ታስሮ የተሰበረው ብሎን መሃል በሹል ብረት ነጥብ ተመታ፣ በቀጭን መብሻ ተጀመረ፣ ዘይት እየጠጣ በዝግታ ወደ 8.8 ሚሊሜትር ሰፋ። ከዚያ ለ10 ሚሊሜትር ብሎን ጥርስ ወጣለት። መሃሉን መሳት ነው ትልቁ ጣጣ፤ መብሻው ወደ ጎን ከሸሸ የማኒፎልዱን ጥርስ ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ መኪና ሥር ተኝቶ በእጅ ትራፓኖ የሚሞክር ሰው ጎበዝ ነው፣ እኔ ግን መኪናዬን አልሰጠውም።

ሲገጠም ጋስኬቱ (ጭስ እንዳያፈስ በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው) በአዲስ ተቀየረ። አሮጌውን በቀይ ሲሊኮን እንለስነው የሚል ሐሳብ ከረዳቱ መጥቶ ነበር። ሲሊኮኑ የሚችለው ሙቀት ከ300 ዲግሪ ብዙ አያልፍም፤ ዳገት ላይ እዚያ ቦታ ያለው ጭስ ከዚያ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ዳዶዎቹ የነሐስ ሆኑ፤ ነሐስ ከብረት ብሎን ጋር በዝገት አይጣበቅም። ጥርሱ ላይም የመዳብ ግራሶ ተቀባ። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሳይሆን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ ጠበቁ።

ሐረጎን አንዴ ወጥታ ከቀዘቀዘች በኋላ እንደገና ጠበቅ ተደረጉ። አሁን የሚንኳኳው ከላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ነው። ለጊዜው በሽቦ አስሬዋለሁ።