ለስልክ ካሜራ ዕቃ ከመግዛት በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ዘመዴ ስለ ልጅነታቸው እንዲያጫውቱኝ ለምኛቸው አንድ ሰዓት ያህል በስልኬ ቀረጽኳቸው። ምስሉ እጅግ ጥርት ያለ ነበር፤ የፊታቸው ሽብሽብ እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። ድምፃቸው ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ከንግግራቸው ይልቅ የፍሪጁ ጉምጉምታና በውጭ የሚያልፈው መኪና ጎልቶ ይሰማል። ስልኩን ያቆምኩት ሦስት ሜትር ርቄ፣ ብዙ አስቤና አማርጬ በገዛሁት ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ሲሆን ስለ ማይክ ግን ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። እርሳቸው አሁን በሕይወት የሉም፤ ያንን ጨዋታ ዳግመኛ መቅረጽ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ለስልኬ ምን ልግዛ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኔ እጠይቀዋለሁ፦ ባለፈው ጊዜ የቀረጽከውን ያበላሸብህ ምንድን ነው?

ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ነው። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ቢያይ ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ሲገጥመው ግን ወዲያው ያልፈዋል። ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው፤ ግድግዳ በሌለበት ሥፍራ በተናጋሪውና በማይኩ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ማለትም 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እምብዛም ስለማይቀንስ ንግግሩን ይውጠዋል። ስለዚህ የስልኩ ማይክ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ይበልጠዋል። በቅርቡ የእኚያን አዛውንት እህት በዚህ ዓይነት ማይክ ቀርጫቸው ነበር፤ መነጽራቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ የተሰማው ድምፅ እንኳ በቅጂው ላይ አለ።

ማይክ ስትገዙ መሰኪያውን ቀረብ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ክብ ጃክ ያለው ከሆነ በብረቱ ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ቁጠሩ፤ ሦስት ከሆኑ ለስልክ የተሠራ ነው፣ ሁለት ከሆኑ ግን ለካሜራ ስለሆነ ያለ አገናኝ ገመድ ከስልክ ጋር አይሠራም። የሚያሳዝነው ስልኩ ይህን አይነግራችሁም፤ በራሱ ማይክ ዝም ብሎ መቅረጹን ይቀጥላል። አይፎን ከ2016 ጀምሮ ክቡን ቀዳዳ ትቶታል፣ ከ2023ቱ አይፎን 15 ወዲህ ደግሞ እንደ አንድሮይድ ስልኮች በዩኤስቢ ሲ ይሠራል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የወጣ አይፎን ያለው ሰው ላይትኒንግ የተባለው የቀድሞው የአይፎን መሰኪያ ያለውን ማይክ መለየት አለበት። በገመድ አልባዎቹ ላይ የሚያጋጥመው ችግር ሌላ ነው። ወፍራም የስልክ ከቨር፣ ስልኩ ላይ የሚሰካው የድምፅ መቀበያ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግዳል፤ በተጨማሪም ብዙዎቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ ስለሆነና የሰው አካል ይህን ሞገድ ስለሚያግድ፣ ተናጋሪው ጀርባውን ሲያዞር ድምፁ ሊቆራረጥ ይችላል። የገዛችሁት ማይክ መሥራቱን ለማወቅ እየቀረጻችሁ በጥፍራችሁ በቀስታ ጫር ጫር አድርጉትና በጆሮ ማዳመጫ መልሳችሁ ስሙት፤ ጫርታው ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ እየቀረጸ ያለው ስልኩ ነው። ከቤት ውጭ ለምትሠሩ ደግሞ ፀጉራማው የንፋስ መከላከያ ግዴታ ነው፤ ስፖንጁ ብቻውን ጠንከር ያለ ንፋስ አይመልስም።

ከድምፅ ቀጥሎ የስልኩ አለመንቀሳቀስ ይመጣል። ብዙ ሰው ጂምባል፣ ማለትም ስልኩን በሞተር እያረጋጋ የሚይዝ የእጅ መያዣ፣ ይመኛል፤ እኔ ግን እየተራመደ ለማይቀርጽ ሰው አልመክረውም፤ የዛሬ ስልኮች የእጅን መንቀጥቀጥ በራሳቸው በደንብ ያረግባሉ። ትራይፖድ ይበልጥ ይጠቅማል፣ በተለይ በምሽት ፎቶ፤ ስልኩ ጨርሶ አለመንቀሳቀሱን ሲያውቅ ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ ያረዝመዋልና። ስልኩን የሚይዘው መቆንጠጫ የድምፅ ቁልፎቹን እንዳይጫን፣ ከታች ያለው የብሎን ቀዳዳም የተለመደው ባለ ሩብ ኢንች መሆኑን አረጋግጡ፤ ይህ ከሆነ መቆንጠጫው በአብዛኞቹ ትራይፖዶች ላይ ይገጥማል። በሞተር ብስክሌት መሪ ላይ ስልክ አስሮ መቅረጽን በተመለከተ፣ የኃይለኛ ሞተር ንዝረት የካሜራውን ማረጋጊያ ሊጎዳ እንደሚችል አፕል ራሱ በ2021 አስጠንቅቋል።

ስለ ብርሃን የምለው አጭር ነው። መብራት ከመግዛታችሁ በፊት ሰውየውን ወደ መስኮት አዙሩት። መግዛት ካለባችሁም ከጉልበቱ ይልቅ የመብራቱ ፊት መስፋቱን ተመልከቱ፤ ሰፊ መብራት በቅርብ ሲቀመጥ ጥላውን ያለሰልሳል። ማሸጊያው ላይ የቀለም ትክክለኛነት ቁጥሩ (CRI) ከ95 በላይ ከሆነ የሰው ቆዳ መልኩን አይለውጥም። ክብ የሆነው ሪንግ ላይት መነጽር ላይ ቀለበት ሠርቶ ስለሚታይ እኔ ትቼዋለሁ።

ብዙዎች ቀድመው የሚገዙትን፣ ማለትም በስልኩ ካሜራ ላይ የሚቆነጠጠውን ሌንስ፣ እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ርካሾቹ የምስሉን ዳርና ዳር ያደበዝዛሉ፤ ከዚያም በላይ ሁለትና ሦስት ካሜራ ያለው ስልክ ወደ አንድ ነገር ስትቀርቡ ሳትጠይቁት ካሜራ ሊቀይር ስለሚችል ሌንሱ ያለ ሥራ ይቀራል። ከእርሱ ይልቅ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። በምሽት ፎቶ ላይ ከመብራቶቹ የሚዘረጋው ጭጋጋማ የብርሃን ጭረት ብዙውን ጊዜ የካሜራው ድክመት ሳይሆን የጣት ቅባት ነው።

ረጅም ቀረጻ ያለበት ሰው ደግሞ ቦታና ቻርጅ አስቀድሞ ያስላ። በአይፎን በ4ኬ (እጅግ ጥርት ባለው የምስል ደረጃ)፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም የሚቀረጽ ቪዲዮ ቦታ በሚቆጥበው አቀማመጥ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ አንድ ሰዓት ከ10 ጊጋባይት ይበልጣል ማለት ነው። ፋይሉን ወደ ፍላሽ ስታዛውሩ አልገለበጥ ካላችሁ ፍላሹ በፋት 32 የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ በኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ግን ይቀበላል፤ ፎርማት ማድረግ በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ቀድማችሁ ገልብጡ። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክም ያንን ሁሉ ለስልኩ አይሰጥም፤ ቁጥሩ በውስጡ ባለው ባትሪ ቮልቴጅ የተሰላ ስለሆነ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ይቀንሳል፣ በመንገድ ላይም የተወሰነው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ማይኩ የስልኩን ብቸኛ ቀዳዳ ከያዘ ደግሞ ቻርጅ የምታደርጉበት አይኖርም፤ ስለዚህ መቀበያው የራሱ የቻርጅ ቀዳዳ ያለው እንዲሆን ስትገዙ ጠይቁ።